የድንጋይ ላይ ሥዕሎችን ማን ይጠብቃቸው? ከአጥሩ በፊት የሚነሣ ጥያቄ

ወልድያ፦ አዝመራው ተሰብስቦ ጎተራ ገብቶ፣ ጥር ሲጋመስ በሀብሩ ወረዳ ተራሮች ላይ ሌላ ሥራ ይጀመራል። ገበሬው ዶማና አካፋውን ይዞ ለተፋሰስ ልማት ይወጣል፤ ድንጋይ ይፈነቅላል፣ ይሸከማል፣ በእርከን ይደረድራል። በመርሳና በወልድያ ከተሞች ደግሞ ለመንገድ ንጣፍና ለቤት መሠረት የሚሆን ድንጋይ ከየኮረብታው ይፈለጣል። በእነዚህ ሳምንታት በአንድ ወረዳ ውስጥ በሰው እጅ የሚገለበጠውን ድንጋይ ያህል አንድ የአርኪዮሎጂ ቡድን በዕድሜ ልኩ አይነካም።

የጥንት ሰዎች በአለት ላይ የተዉአቸው ሥዕሎችና ቅርጾች ጉዳይ ከባህል መሥሪያ ቤቶች ውጭ የገበሬውም ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን ቅርስ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያየው እረኛ፣ ማር ቆራጭ ወይም ድንጋይ ፈላጭ ነው። ያየውን መናገሩ ወይም ዝም ማለቱ ደግሞ ቅርሱ ከመኖር ወደ አለመኖር የሚያልፍበት በር ነው። ሰሜን ወሎ በቅርስ ስሟ የሚጠራው በላሊበላ ነው፤ በሰፊው የታወቁት የአገሪቱ የአለት ላይ ሥዕሎች በሐረርጌ፣ በድሬዳዋ ዙሪያና በትግራይ፣ ቅርጾቹም በጌዴኦ ይገኛሉ። ከነዚያ ቦታዎች የተገኘው ትምህርት ግን ለማንኛውም ባለ ዋሻ ተራራ ይሠራል።

በድሬዳዋ ከተማ አቅራቢያ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ ጃርት ማለት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 ቴያር ደ ሻርደን እና ሄንሪ ደ ሞንፍሬ ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቁት፤ በ1933 ደግሞ አቤ ብሩይ የተባሉት የቅድመ ታሪክ ሊቅ በግድግዳው ላይ ያሉትን የእንስሳትና የሰው ሥዕሎች ገለበጡ። በዋሻው ወለል ውስጥ የተቀበረው ግን ከሥዕሎቹ እጅግ የሚቀድም ነው። ከ40 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን፣ ከ4,200 የሚበልጡ ቁርጥራጮች ያሉት የቀለም ድንጋይ ተገኝቶበታል፤ ዕድሜውም ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋል። አንድ ሰው በዋሻ ወለል ላይ የተጠራቀመውን አሮጌ ፍግ ለማሳው ብሎ ሲዝቅ ከሥሩ ምን ሊገኝ እንደሚችል ይህ ብቻውን ይናገራል።

ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የለገ ኦዳ ዋሻ የከብት ሥዕል ሞልቶበታል። በሐረርጌ ዋሻዎች የተሣሉት የጥንት ከብቶች አብዛኞቹ ሻኛ የላቸውም፤ ዛሬ በሀብሩና በራያ ሜዳ የሚሰማሩት ደግሞ ሻኛ ያላቸው ናቸው። ከከብቶቹ ጎን ላታም በጎች ይታያሉ። በጌዴኦ ምድር በሸጴ ከወንዝ ዳር ባለ የአለት ግድግዳ ላይ 50 ያህል ላሞች ተፈልፍለዋል፤ ራሳቸው ትንሽ፣ ቀንዳቸው የጎላ፣ ጡታቸው የተንዘረጠጠ። ፈልፋዩ የወተት ነገር እንደሚያስጨንቀው ለማወቅ የታሪክ ዲግሪ አያስፈልግም። በትግራይ በአጋመ አውራጃ ባለው አምባ ፎቃዳ ደግሞ በጥንድ በሬ የሚያርስ ሰው ተሥሏል። ዘመኑ በትክክል አልተቆረጠም፤ ሞፈርና ቀንበሩን ግን የሀብሩ ገበሬ ያለ አስጎብኚ ያውቀዋል። የእንስሳት እርባታና የእርሻ ታሪክ በመጽሐፍ ከመጻፉ በፊት በድንጋይ ላይ ተጽፏል ማለት ነው፤ የጻፉትም አርቢዎችና አራሾች ናቸው።

ሥዕሎቹን የሚያጠፋቸው ምንድን ነው? በዚህ ጉዳይ ሲነገር በቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው የፈረንሳዩ የላስኮ ዋሻ ነው። በ1940 አራት ልጆች አገኙት፤ በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ፤ በቀን ከሺህ በላይ ሰው ይገባበት ጀመር። የሰው ትንፋሽ፣ ሙቀትና እርጥበት በተዘጋው ዋሻ ውስጥ ተጠራቅሞ አረንጓዴ ሽበትና ነጭ ልባስ ግድግዳውን ወረረው። በ1963 ተዘጋ። ከ20 ዓመት በኋላ በአቅራቢያው ተመሳስሎ የተሠራ ዋሻ ተከፈተ፤ ዛሬ ጎብኚው የሚያየው ቅጂውን ነው። በ1994 የተገኘው የሾቬ ዋሻ ደግሞ ከላስኮ በተገኘው ትምህርት ለሕዝብ አንድም ቀን አልተከፈተም።

ነገር ግን የላስኮን መድኃኒት እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት በሽታውን ሳይለዩ ክኒን መዋጥ ይሆናል። የእኛ አገር ሥዕሎች በአብዛኛው ያሉት ነፋስ በሚገባበት ክፍት የአለት ጥግ ላይ ነው። ትንፋሽ አይገድላቸውም። የሚገድላቸው ሌላ ነው። በዝናብ የተጠለለ መንገደኛ የሚያነደው እሳት ጥላሸት ያለብሳቸዋል፤ እሳቱ ከግድግዳው ከተጠጋም ሙቀቱ አለቱን ልጥ ልጥ አድርጎ ይጥለዋል። ፍየልና ከብት ጎናቸውን ሲያሹ የታችኛው ሥዕል ይፋቃል። የእግር ኮቴ ያስነሣው አቧራ ግድግዳው ላይ ያርፍና እርጥበት ሲያገኘው ይጠነክራል። ትምህርት የጀመረ ልጅ ስሙን በሚስማር ይጽፋል። ወርቅ ተቀብሯል የሚል ወሬ የሰማ ሰው ደግሞ ወለሉን ይቆፍራል።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ለማሳየት ሲባል የሚደረገው ነው። የደበዘዘው ሥዕል ለፎቶ ጎልቶ እንዲታይ ውኃ የሚረጩበት አሉ፤ በኖራ ጠርዙን የሚያስምሩም አሉ። ውኃው ለአፍታ ቀለሙን ያደምቀዋል፤ ሲደርቅ ግን ከአለቱ ውስጥ ጨው ይዞ ይወጣና ቀለሙን ያነሣዋል። በዚምባብዌ ማቶቦ ተራሮች በሚገኘው የፖሞንግዌ ዋሻ ሥዕሎቹን ለማቆየት ተብሎ ዘይት ተቀብቶባቸው ተበላሽተዋል። የቀባው ጠላት አልነበረም፤ ጠባቂ ነበር።

እነዚህን አደጋዎች አንድ በአንድ ላየ ሰው መፍትሔው ቀላል ይመስላል፦ አጥር፣ ዘበኛና ማስታወቂያ ሰሌዳ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። አጥር የሚታጠረው ባዶ ቦታ ላይ አይደለም። ያ የአለት ጥግ ለአንዱ የዝናብ መጠለያ ነው፤ ለሌላው ወደ ምንጭ መውረጃ መንገድ፤ ለሌላው የቀፎ ማስቀመጫ። ከተከለለ በኋላ የሚመጣው የመግቢያ ገንዘብ ወደ ሩቅ ቢሮ ሲሄድና መንገዱ ለመንደሩ ሰው ሲዘጋ፣ ቅርሱ ለመንደሩ ዕዳ ይሆናል።

ዕዳ ሲሆን ምን እንደሚከተል ከዚምባብዌ ዋና ከተማ ከሐራሬ ወጣ ብሎ ያለው ዶምቦሻቫ አሳይቷል። ቦታው የጥንት ሥዕል ያለበት፣ የአካባቢው ሰውም ዝናብ የሚለምንበት ተራራ ነው። መንግሥት የብሔራዊ ቅርስ ቦታ አድርጎ ከለለው፤ ጎብኚ ይገባ ጀመር፤ የዝናብ ልመናው ሥርዓት ግን ሥዕሉን በጭስ ያበላሻል ተብሎ ተገደበ። በ1998 ሥዕሎቹ በቡናማ የዘይት ቀለም ተለቅልቀው ተገኙ። ባለሙያዎች ቀለሙን ለማንሣት ብዙ ደከሙ። ጉዳዩን ያጠኑት የአገሪቱ የቅርስ ምሁራን የጻፉት ስለ ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ የአካባቢው ሕዝብ ከቦታውም ከጥቅሙም መገፋቱን አንሥተዋል። ጥፋቱን ማንም ትክክል ነው ሊለው አይችልም። ይሁን እንጂ አጥሩ ሥዕሉን ከጭስ አድኖት ከቀለም ሊያድነው እንዳልቻለ መካድም አይቻልም።

ለወልድያና ለሀብሩ ነዋሪ የበለጠ የሚቀርበው ምሳሌ ከድልብና ከጋሸና ማዶ ያለው ላሊበላ ነው። ላሊበላ የአለት ሥዕል አይደለም፤ ቅድመ ታሪክም አይደለም። ሆኖም ጥበቃና አገልግሎት በአንድ አለት ላይ ሲጋጩ ምን እንደሚመስል በሰሜን ወሎ ምድር የታየበት ቦታ እርሱ ነው። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። በየዕለቱ ይቀደስባቸዋል፤ ለገና ሕዝብ ይጎርፍባቸዋል፤ የውጭ ጎብኚ ይገባባቸዋል። ዝናብና ፀሐይ አለቱን ስለሰነጠቁት በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከአምስቱ በላይ የብረት መጠለያ ተሠራ። ሥራው ለጊዜው ተብሎ ነበር፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ግን የከተማው ሕዝብ የመጠለያው ክብደትና መወዛወዝ ራሱ ቅርሱን እንዳይጎዳው ሰግቶ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ አደባባይ ወጣ። በቅርሱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦችም ለጥበቃው ሲባል ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል።

ከላሊበላ ሁለት ነገር ይወሰዳል። አንደኛው፣ በቅርስ ላይ የሚሠራ ነገር ሁሉ የሚነሣበት ቀንና የሚያነሣው አካል አስቀድሞ ካልተጻፈ ጊዜያዊ የተባለው ቋሚ ይሆናል። ሁለተኛው ለከተማ ነጋዴ ነው። የጎብኚ ገቢ እንደ ማሽላ ነው፤ ዝናቡ ሲቀር ይቀራል። በኮሮና ወረርሽኝና ከዚያ በኋላ በመጣው ጦርነትና የጸጥታ ችግር ጎብኚ ሲቆም የላሊበላ ሆቴሎች፣ አስጎብኚዎችና የበቅሎ አከራዮች የገጠማቸውን ወልድያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድን መንደር ከግጦሹ አንሥቶ በጎብኚ ላይ ብቻ ማንጠልጠል ስለዚህ አያዋጣም። ቅርሱ ለመንደሩ የጎን ገቢ እንጂ የዋና ገቢ ምትክ ሆኖ መታሰብ የለበትም።

ሕጉ ምን ይላል? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ፣ በማዕድን ፍለጋ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ ሳይነካ እንዲጠብቀው ያዛል። ቅርስን ማጥፋት በከባድ እስራት ያስቀጣል። ባለሥልጣኑ በበኩሉ ግኝቱን መርምሮ የመመዝገብ ግዴታ አለበት፤ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን ካላደረገ፣ ያገኘው ሰው ሁኔታውን ዘርዝሮ ለክልሉ መንግሥት አካል በጽሑፍ በማቅረብ ከኃላፊነት ነፃ ሊሆን ይችላል። ላስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት፣ ለመጠበቅ ያወጣውም ወጪ እንዲተካለት ሕጉ ያስባል። ይህን የሚያውቅ ገበሬ ብዙ እንዳልሆነ መገመት አያዳግትም፤ ቅጣቱ ከሽልማቱ ይልቅ በፍጥነት ይሰማል።

ሕጉ ራሱ አንድ ክፍተት አለው። ሽልማቱ የታሰበው ለሚረከቡት ነገር ነው፤ ለሳንቲም፣ ለብራና፣ ለሸክላ። የአለት ሥዕል ግን ከተራራው ተነቅሎ አይረከብም። ያገኘው ሰው የሚያስረክበው ዕቃ ሳይሆን ቦታውን የመጠቀም ልማዱን ነው። የመሬት ካሳ ሕጉም እዚህ ላይ ብዙ አይረዳውም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለዘለቄታው ከእርሻ ይዞታው የሚነሣ ገበሬ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው የዓመት ገቢ 15 እጥፍ እንዲከፈለው ይደነግጋል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የዋሻ ደጃፍ ማሳ አይደለም። የዝናብ መጠለያና የፍየል መንገድ በምን ገቢ ይሰላል? የወል መሬት ነው ከተባለስ የማን እጅ ይከፈለዋል? ስለዚህ አስተዋይ ገበሬ ሒሳቡን ሠርቶ ዝም ቢል ወይም ድንጋዩን ፈልጦ መሠረት ቢያደርገው ስንፍና ወይም ድንቁርና ነው ብሎ መፍረድ ፍትሐዊ አይሆንም።

መልሱ ከሩቅ መምጣት የለበትም። ሀብሩ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የተደረጉ ተራሮችን ያውቃል። መጀመሪያ ላይ ግጦሽ ተነጠቅን ያሉ ገበሬዎች በየአካባቢው ነበሩ፤ ነገሩ የተረጋጋው አጥር ስለጠነከረ አይደለም። ነዋሪው በራሱ ውስጠ ደንብ ስላወጣ፣ ሳሩን በየተራ አጭዶ እንዲወስድ ስለተፈቀደለት፣ መሬት የሌላቸው ወጣቶች ቀፎ እንዲሰቅሉበት ስለተደረገ ነው። ደንቡን የጣሰ ሰው የሚቀጣው በጎረቤቱ ፊት ነው፤ ከዚህ የሚከብድ ቅጣት በገጠር የለም። ደንቡ በላላበትና ጥቅሙ ለጥቂቶች በሆነበት ቦታ ደግሞ ተራራው ተመልሶ እንደተራቆተ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ያውቁታል።

ይህንኑ አሠራር ወደ ቅርስ ማሻገር ይቻላል። አንድ የአለት ጥግ ላይ ሥዕል ቢገኝ የሚከለለው ተራራው በሙሉ ሳይሆን ከግድግዳው ጥቂት ሜትር ያህል ይሆናል። ለእረኛው ሌላ መጠለያ ዳስ በአቅራቢያው ይሠራለታል፤ ይህ ሳይሠራ አጥር አይቆምም። የመንገዱ አቅጣጫ ቢቀየር ምንጩ እንዳይዘጋ ይደረጋል። ወለሉ ሳይቆፈር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍበታል፤ አቧራው እንዲቀንስ። ጎብኚው ከግድግዳው ክንድ ከመዘርጋት በሚርቅ ልክ ላይ ዝቅተኛ የእንጨት መከለያ ይቆምለታል። ጠባቂው ከቀበሌው ይመረጣል፤ በየዓመቱ በአንድ ቦታ ቆሞ አንድ ዓይነት ፎቶ ያነሣል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ከተፋሰስ ልማት ልምድ የሚወሰድ አንድ ጥንቃቄም አለ። የተከለለ ቦታ ሣር ያበቅላል። ሣሩ ካልታጨደ በበጋ ይደርቃል፤ አንድ ክብሪት ሲያገኝ እሳቱ አለቱን ያሰነጥቀዋል። ለቅርሱ ሲባል ሰውን ፈጽሞ ማራቅ ቅርሱን ለእሳት ማመቻቸት ሊሆን ይችላል፤ ሳሩን የሚያጭደው ገበሬ ሳያውቀው የቅርስ ጠባቂ ነው። ጌዴኦ ለዚህ ምስክር ይሆናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር የቆመው ሰውን በማስወጣት አይደለም፤ ገበሬው በእንሰቱና በቡናው መካከል እየኖረ ነው፤ የጥንት ትክል ድንጋዮቹም አብረውት።

የከተማው ድርሻ ሌላ ነው። ከወልድያ ወይም ከመርሳ አንድ አውቶብስ ተማሪ ጭኖ ጠባብ የአለት ጥግ ውስጥ ማስገባት ለፎቶ ያምራል፤ ለሥዕሉ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ከሚያልፉት ፍየሎች የባሰ ሊሆን ይችላል። ላስኮን የሚመስል ቅጂ ለመሥራት የፈረንሳይ በጀት አያስፈልግም። በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በትክክለኛው መጠን የተሣለ ቅጂ፣ ከጎኑም ስለ ከብቱና ስለ ማረሻው የሚያስረዳ ሰሌዳ ለብዙው ተማሪ ይበቃል። ወደ ዋናው ቦታ በጥቂት በጥቂቱ፣ ከቀበሌው ጠባቂ ጋር መሄድ ይቻላል። ሆቴል ያለውም ሰው ተጠቃሚ የሚሆነው ጎብኚው ሁለት ቦታ አይቶ ሲያድር ነው፤ ቅጂው በከተማ፣ ዋናው በተራራ።

የሚቀረው ጊዜ ነው። ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት የልማት ቡድን መሪዎች ሥልጠና ይሰጣቸዋል፤ የእርከን ስፋትና የአፈር ጠረጋ ይነገራቸዋል። በዚያው ቀን፣ በዚያው አዳራሽ፣ ቀለም ወይም ቅርጽ ያለበት አለት ሲታይ ሥራውን ወደ ጎን ማዞርና ለቀበሌ መናገር እንደሚገባ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ያየው ሰው ስልክ ካለው ሳይነካ፣ ውኃም ሳይረጭ ፎቶ ያነሣል። ቀበሌው በመርሳ ለሚገኘው የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይጽፋል፤ ወረዳው ወልድያ ላለው ለዞኑ፣ ዞኑ ለባሕር ዳር፣ ከዚያም አዲስ አበባ ላለው ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን። የደብዳቤው ቀን ቁጥርና ማኅተም ያለበት አንድ ቅጂ ባገኘው ገበሬ እጅ መቅረት አለበት፤ ስድስቱ ወር የሚቆጠረው ማሳወቁን በሚያስረዳው በዚያ ወረቀት ነው።